በግማሽ ዋጋ የመጡት ባትሪዎች

ሰውየውን ሁሉም ካቻቢቴ ይለዋል። ቀጭን ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ብሎን መፍቻው ከጆሮው ላይ ስለማይጠፋ ነው የሚሉም አሉ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። ሰው በደረጃው በወጣና በወረደ ቁጥር ከጣሪያው አቧራ ይረግፍበታል፤ ቀና ብሎ መቆጣቱን ከተወ ግን ቆይቷል።

ዕቃ የሚያስመጣው ከባሕር ማዶ ነው። በዋናው መንገድ ያሉት ሱቆች የሚሞሪ ወይም የስክሪን ዋጋ ሲጠሩ ገዢው ቁጭ ብሎ ቢሰማ ይሻለዋል እያለ ይቀልዳል። ከውጭ ማዘዝ ያዋጣ እንደሆነ ለሚጠይቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ ያዋጣል፤ ካልተሰበረ፣ ካልጠፋ፣ ቀረጥ ካልበላው። ስክሪን ተሰንጥቆ ደርሶት ያውቃል። የየት አገር ፊደል እንደተጻፈበት ማንም ሊነግረው ያልቻለ ኪቦርድም መጥቶለታል። ያም ሆኖ ትርፍ ያለው ይመስለዋል፤ የተሰበሩትን ሒሳብ ውስጥ አስገብቷቸው አያውቅማ። ሲከስር ዕድል ነው ይላል፣ ሲያተርፍ ደግሞ ብልጠት።

ታዲያ አንድ የማያውቀው ሻጭ የላፕቶፕ ባትሪ በግማሽ ዋጋ ሲያቀርብ ካቻቢቴ ሁለቴ አላሰበም። ካርቶኑ ሲደርስ በየባትሪው ላይ የፋብሪካው ስም አንድ ፊደሉ ተሳስቶ ታትሟል። አየው። አየና በጥፍሩ ፍቆ፣ በላዩ ላይ የራሱን ትንሽ ወረቀት ለጠፈበት። ወረቀቱ «ኦርጅናል» ይላል። በዚህ ሥራ ኦርጅናል ማለት እውነተኛ ማለት አይደለም፤ ሌላ ጥያቄ አትጠይቀኝ ማለት ነው። ጥቂቱን ሸጠ፣ አንዱን ለእህቱ ገጠመላት።

እህቱ እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው ናት፤ ጸጉሩ ሸብቶም እትዬ እያለ ይጠራታል። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ዳሌዋ ተሰብሮ ክራንች ከያዘች ወዲህ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ የሰው ወረቀት ትተይባለች። ባትሪውን ሲገጥምላት ኦርጅናል ነው ወይ ብላ ጠይቃው ነበር። «ለአንቺ ሌላ ላደርግልሽ ነው እንዴ?» አላት። መልስ አልነበረም፤ እሷ ግን እንደ መልስ ወሰደችው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ካቻቢቴ የተበላሸ ማዘርቦርድ ላይ አቀርቅሮ ሳለ፣ ጣፋጭ የሚመስል የመድኃኒት ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ዞር ሲል መደርደሪያው ላይ ያለው ካርቶን ክዳኑ ተነስቷል። ከባትሪዎቹ አንዱ፣ ማንም ያልነካው፣ ቻርጅ እንኳ ያልተደረገው፣ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ፕላስቲኩ ቋ ሲል ሰማ፤ ወዲያው ጭስ። ካርቶኑን በወንበር እግር እየጎተተ አውርዶ ደጅ ገፋው፤ መንገዱ ዳር ሲደርስ ነጭ እሳት ተፋ። የፎቁ ዘበኛ አሸዋ ይዞ ሮጠ፣ ሰው ተሰበሰበ። ካቻቢቴ እሳቱን እያየ እሳቱ አልታየውም። የታየው የእትዬ አልጋ ነው።

ስልኩን አውጥቶ ደወለላት። ደግነቱ ወዲያው አነሳችለት።

«እትዬ፣ እንዳትደነግጪ። ባትሪውን አውጪና ደጅ አድርጊው፤ አሁኑኑ።»

«ምን ተፈጠረ?»

«በኋላ እነግርሻለሁ። ዝም ብለሽ አውጪው።»

ስልኩን ስታስቀምጥ ሰማ። ክራንቿ ወለሉን ሲመታ፣ በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማ። ተመልሳ በረንዳው ላይ እንዳደረገችው ስትነግረው ነፍሱ መለስ አለች። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ከእንግዲህ ከባሕር ማዶ መርፌ እንኳ ላያዝዝ ማለ። ከዚያ እንዲያው ለወሬ ያህል አብጦ እንደነበር ጠየቃት።

«ምኑ ያብጣል? ደህና ነው፤ ትናንት መብራት ሲጠፋ አብርቼው አልነበር? በል ሥራ ይዣለሁ፣ ባለወረቀቱ ሊመጣብኝ ነው» አለችና ዘጋችው።

አብርቼው። ቃሉ ጆሮው ውስጥ ቀረ። በረንዳ ላይ ያወጣችው ለካ የእጅ ባትሪዋን ነው። እሱ ባትሪ ሲል የሚታየው የኮምፒውተሩ ነው፤ ሥራው ነዋ። ለእሷ ባትሪ ማለት ራስጌዋ የምታስቀምጣት፣ ስትነካት ብርት የምትለዋ ናት። የላፕቶፑን አውጪ ቢላት ምን ነበረበት? ግን ፈርቶ ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ ሁሉም ሰው የእሱ ፍርሃት የሚታየው ይመስለዋል።

መልሶ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። እትዬ መተየብ ከጀመረች የስልኳን ድምፅ አጥፍታ በፊቱ ትደፋዋለች፤ የድሮ አለቃዋ በሥራ ሰዓት ስልክ ሲጮህ አይወድም ነበር። አለቃዋ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ እሷ ግን አሁንም ትፈራዋለች። ካቻቢቴ ይህን ያውቃል፣ ስለዚህ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ታክሲ ውስጥ ዘሎ ገባ።

ሾፌሩ የጎማ ዋጋ ሰማይ ነካ እያለ ያወራ ጀመር። ካቻቢቴ አንድም ቃል አልሰማም። በየጣሪያው ላይ ጭስ ይፈልጋል። አንድ ቦታ አየ፤ ቆሻሻ የሚያቃጥሉ ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ግን እስኪያልፋቸው ድረስ አልተነፈሰም። ከአንዱ ባትሪ ያተረፈው ለዚህ ታክሲ እንኳ አይበቃም ነበር። ይህንን ማሰቡ ራሱ አሳፈረው፤ አሁን ምን የሒሳብ ሰዓት ነው?

እትዬ አልጋዋ ላይ ናት፣ ጣቶቿ ይሮጣሉ። እያለከለከ ሲገባ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ «አንተ ልጅ፣ ማን አሳደደህ?» አለችው። ላፕቶፑ ጭኗ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ነው። ኪቦርዱ መሐሉ ጎብጧል። እሷ እቴ፣ ዛሬ ሞቅ ማለቱ ለዳሌዋ ተስማምቷታል።

ላፕቶፑን ከጭኗ አንስቶ ሮጠ። ሙቀቱ መዳፉን ሲበላው ተሰማው፤ ግን እዚያ የት ይጣላል? ሁሉ ነገር ጨርቅና ወረቀት ነው። በረንዳውን አልፎ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ሲወረውረው ገና መሬት ሳይነካ ቦግ አለ።

እትዬ በክራንቿ ደርሳ አጠገቡ ቆመች። ነዶ እስኪያልቅ አዩት። ከዚያ እጆቹን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረችለት፤ የመዳፉ ቆዳ ተልጧል። ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ግማሽ ዋጋው፣ ስለ ተሳሳተው ፊደል፣ ስለ ለጠፈው ወረቀት። ደስ ብሎታል። ተርፋለች፣ ሌላው ሁሉ ዕዳው ገብስ ነው።

እትዬ መነጽሯን አወለቀች። ስትቆጣ እንደዚያ ናት።

«የቀሩት ሱቅህ ደጅ ተቃጠሉ አልክ» አለችው። «የተሸጡትስ?»

ካቻቢቴ እጆቹን ከባልዲው አወጣ። እሳቱን ካየበት ደቂቃ ጀምሮ የታየችው አንዲት አልጋ ብቻ ነበረች። አሁን የገዙት ሰዎች ተራ በተራ መጡበት። መምህሩ። ፋርማሲ የምትሠራዋ። ሕፃኗን አቅፋ መጥታ፣ ኦርጅናል ካልሆነ ይቅርብኝ ብላ፣ ወረቀቱን አይታ የገዛችው አራስ። የእሷን ቤት አያውቀውም። የቅድሙ ፍርሃት ቢያንስ የሚሮጥበት መንገድ ነበረው።

ስልኩን ከኪሱ ሊያወጣ ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት። እትዬ አወጣችለት። «አራስ» ብሎ የመዘገበውን ቁጥር ፈልጋ ነካችውና ጆሮው ላይ ያዘችለት።

«ምን ልበላት?» አላት።

«ለእኔ ያልነገርከኝን።»

ስልኩ ይጠራል። ገና አልተነሳም።