የተቀባው ስንጥቅ

ይህን ነገር እስከ ዘንድሮ አስተስርዮ፣ እስከ ኃጢአት ማስተስረያ ጾማችን ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለቄሳችን አልተናዘዝኩም፤ በጾሙ ቀን ስጸልይ እንኳ ዘልዬው አልፍ ነበር። ዘንድሮ ለቤተሰቤ ተናገርኩ። ከቤተሰቤ ውጭ ላለ ሰው ስናገር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። የሚታዘንለት ሌላ ሰው ነው።

እስራኤል አገር፣ ናታንያ ከተማ ውስጥ በአንድ የብረት ሥራ ቤት በያጅ ነኝ። አባቴ በወገራ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር። እኔ በልጅነቴ በሱዳን በኩል መጣሁ። ዕብራይስጡን ከትምህርት ቤት፣ ትዕቢቱን ከወታደር ቤት ይዤ ወጣሁ። የእህቴ የትርንጎ ባል አስረስ ግን ብዙ ዓመት ዘግይቶ፣ ጎልማሳ ሆኖ ነው የመጣው። ዕብራይስጡ የሚንገጫገጭ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ያየውን ሁሉ የሚያደንቅ ሰው ነበር።

እንቀው ነበር። ምን አድርጎኝ? ምንም። በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጡ ተፈትኖ የአውቶቡስ ሹፌር ሆነ። ከሚኖርባት ከክፋር ዮና ወደ ናታንያ ሲመላለስ የሩስያዎቹም የሞሮኮዎቹም አሮጊቶች በስሙ ይጠሩታል፤ ለሰንበት ከጋገሩት ያቀምሱታል። እኔን ከሥራ ቤቱ ውጭ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። አያችሁ እንግዲህ፣ ይህን ያህል ትንሽ ሰው ነበርኩ። ሰው ስለወደደው ሰውን የምጠላ።

ከሕንጻችን ሥር ማኽሳን አለችኝ፤ ዕቃ የሚታጨቅባት ጠባብ ክፍል ናት። እሷን የራሴ ሥራ ቤት አደረግኋትና የቱቦ ማጠፊያ ሠራሁ። ከወደቀ የጭነት መኪና ወፍራም ብረት ቆርጬ አራት ማዕዘን አድርጌ በየድኩት፤ ከታች የመኪና ክሪክ አስቀመጥኩ፤ ከላይ በግራና በቀኝ ሁለት ዘንግ አጋደምኩ። ቱቦው ከዘንጎቹ ሥር ይገባል፣ ክሪኩ መሐሉን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ቱቦው ይጎብጣል። ይኸው ነው። ማንም በያጅ የሚሠራው ነገር ነው። እኔ ግን ያላሳየሁት ሰው አልነበረም። የፋብሪካው ማሽን ከዚህ አይሻልም እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ በየተራ አስገብቼ አስደነቅኩ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ስፈትነው የቀኙ ዘንግ ከብየዳው ሥር ተሰንጥቆ አየሁ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። በጥፍሬ ዳሰስኳት። ምን እንደምታመጣ አውቅ ነበር፤ እንጀራዬ ነውና። አባቴ ማረሻ ሲሰነጠቅበት መልሶ እሳት ውስጥ ይከተው ነበር እንጂ ለገበሬ አይሰጥም። እኔስ? ቆርጬ እንደገና ብበይደው የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ነገር ግን ሰንበት ሲወጣ ሊያዩት የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ፈርሶ እንዳያዩት አረንጓዴ ቀለም ቀባሁበት። ስንጥቋ በቀለሙ ውስጥ ስትታየኝ ደግሜ ቀባሁ።

በሳምንቱ አስረስ መጣ። እናቱ ክፋር ዮና ከቤታቸው ደጃፍ ደረጃው ላይ ወድቀው ነበርና መያዣ ሊሠራላቸው ፈልጓል።

«ወንድምዓለም፣ ይህን ማሽንህን ታስነካኛለህ? ለእማዬ የሚሆን ቱቦ ላጥፍበት» አለኝ።

«እንኳን አንተ፣ ሕፃንም ያጥፍበታል» አልኩት።

እንዲህ አልኩት እኔ። ስንጥቁን የማውቅ እኔ። ለምን አልነገርኩትም? ስነግረው ሥራዬ ጉድለት እንዳለበት በአስረስ ፊት ማመን ሆነብኝ። ከዚህም የከፋ አለ። ከተሰበረ በሱ እጅ ይሰበር፣ እሱ ሰበረብኝ እላለሁ፣ ከኀፍረት እድናለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ብረት ሲሰበር ሰው እንደሚመታ ያን ጊዜ አልመጣልኝም ብዬ ልምል እችል ነበር። እግሬ ግን መሰከረብኝ። አስረስ ቱቦውን አስገብቶ ክሪኩን መጫን ሲጀምር፣ ብረቱ ሲጢጥ ሲል፣ እኔ ወደ በሩ ሄድኩ። ከበሩ አልፌ ግድግዳውን ተከለልኩ። እሱን ግን «ተው፣ ዞር በል» አላልኩትም።

ዘንጉ ተገንጥሎ ወጣ። ቱቦው ተፈናጥሮ ፊቱን መታው።

የአምቡላንሱ ሰው ምን እንደሆነ ሲጠይቅ በዚያ በተስተካከለው ዕብራይስጤ መለስኩለት፤ አይሆንም፣ በዛ፣ ተው እያልኩት ዝም ብሎ ጫነው አልኩ። ለትርንጎም ይህንኑ ደገምኩላት። ሐኪም ቤት ውስጥ አስረስ ነቅቶ፣ ግራ ዓይኑ እንደጠፋ ከተነገረው በኋላ፣ እጄን ይዞ «ስትጮህ አልሰማሁህም፤ ልፋትህንም ሰበርኩብህ፤ ይቅር በለኝ» አለኝ። ከዚያ ወጥቼ ቤቴ ገባሁና ማጠፊያውን በብረት መቁረጫ ዲስክ ቆራርጬ ከቆሻሻ ጋር ጣልኩት።

አውቶቡስ መንዳት ተከለከለ። አሁን በባሕሩ ዳር፣ ገደሉ ላይ ባለው የሽርሽር መንገድ መጥረጊያ ይዞ ሲሠራ ታገኙታላችሁ። የደረጃውን መያዣ እኔ በተቀጠርኩበት ሥራ ቤት ማሽን ሠርቼ ተከልኩ። እናቱ እጄን ስመው፣ ዘርህ ይባረክ፣ ጉድለትህን ይሙላልህ ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን አጎንብሼ ተቀበልኩ። ቀና ስል አሜን አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ትርንጎ ደግሞ ባሏን ግዴለሽ ማለት ጀመረች። ብርጭቆ ቢሰበር፣ በር ሳይዘጋ ቢቀር፣ ወንድሜ እየጮኸ ያልሰማህ አንተ አይደለህም ወይ ትለዋለች፤ በልጆቹ ፊት። እኔም እዚያው ተቀምጬ እበላለሁ። በየዓመቱ በጾሙ ዋዜማ አስረስ ቤቴ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኛል። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ እለዋለሁ። እላለሁ! የጠፋው የሱ ዓይን፣ ይቅር ባዩ እኔ።

ዘንድሮም መጣ። እንደ ልማዱ ይቅርታ ጠየቀኝና ተቀመጠ። ትንሿ ልጁ ኦሪት መንጃ ፈቃድ አውጥታ ነበር፤ ለጥቂት ወራት አጠገቧ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ያስፈልጋታል።

«አባዬ ና አለችኝ፤ እምቢ አልኳት። እንደኔ ያለ ግዴለሽ ሰው አጠገቧ ባይቀመጥ ይሻላል። አንተ ተቀመጥላት» አለኝ።

ሳይከፋው ነው ያለው። አምኖበታል። ውሸቴን ራሱ አድርጎታል።

«አስረስ፣ ዘንጉ ቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር። አውቅ ነበር። ቀለም ቀባሁበት። ተውም አላልኩህም» አልኩት።

 በቀረችው ዓይኑ አየኝ።

«ወደ በሩ ስትሄድ አይቼህ ነበር። ስልክ የተደወለልህ መስሎኝ ነበር» አለ።

ይቅር በለኝ አልኩት። ተነሣ።

«አሁን አልልህም። ትርንጎና ልጆቹ ፊት ነው የተዋረድኩት። እዚያው ተናገር» ብሎ ወጣ።

ጾሙ ካለፈ በኋላ ክፋር ዮና ሄድኩ። ሁሉም ማዕድ ቀርበው ነበር። ሳልቀመጥ ተናገርኩ፤ ስንጥቁን፣ ቀለሙን፣ ወደ በሩ መሄዴን፣ ለአምቡላንሱ ሰው ያልኩትን። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር። እህቴ ስትጮህብኝ፣ ልጆቹ ሲያባርሩኝ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ስቀበል በመንገዱ ሁሉ ሲታየኝ ነበር። ለካ እዚያም ቢሆን የምፈልገው እንዲያዩኝ ነው።

ማንም አላየኝም። ትርንጎ ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ ባሏ ዞረች።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስሰድብህ ለምን ዝም አልከኝ?» አለችው።

«እውነት መስሎኝ» አላት።

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ልጆቹ ተነሥተው አባታቸውን ከበቡት። እኔ በራፉ ላይ ቆሜ ጀርባቸውን ነበር የማየው። ጥቂት ቆየሁና በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ፤ የተከተለኝም የመለሰኝም የለም።

አስረስ ይቅር አላለኝም። እኔም ዳግመኛ ሄጄ አላስቸገርኩትም። እናንተም ይቅር እንድትሉኝ አልጠይቃችሁም፤ ዓይኑ የናንተ አልነበረም። ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ አላሰብኩትም ነበር ልላችሁ እችላለሁ። ወጣት አልነበርኩም። የፈራሁት መሳቂያ መሆንን ነው። አስቤበትማለሁ፤ አስቤበት ነው ግድግዳውን የተከለልኩት።