ለመስታወቱ የምትሆን ልጅ

ደሴ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ቆይቼ መካነ ሰላም ላይ የራሴን የከፈትኩ ጊዜ፣ የከተማው ሴት ሁሉ ሞዴል ለመሆን የሚሰለፍልኝ መስሎኝ ነበር። የመጣልኝ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለፓስፖርት፤ ሁሉም የተቆጡት ይመስል ዓይኑን አፍጦ ይነሳና ይሄዳል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነበር፤ ተኳኩላ፣ ጌጥ አድርጋ፣ መንገደኛው ቆም ብሎ የሚያያት ሴት። እንዲህ ያለ ፎቶ መስታወቱ ላይ ካልሰቀልኩ ደግሞ የሙሽራ ሥራ አላገኝም፣ ሱቁም ይዘጋል።

ያልለመንኩት ሰው የለም። አንዲት የባንክ ሠራተኛ "እጮኛዬ ይገድለኛል" አለችኝ። ፊት ለፊቴ ያለውን የልብስ ሱቅ ባለቤት እህቱን እንዲፈቅድልኝ ብጠይቀው፣ "ወላሂ አንቺ ከዘመድ ልታጣዪኝ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። በመጨረሻ እሺ ያለችኝ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ የመጣች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቤተሰቦቿ በከላላ ወረዳ በኩል ገጠር ይኖራሉ፤ እሷ እዚህ ቤት ተከራይታ ትማራለች። ካሜራ አትፈራም። ኩል ኳልኳት፣ የራሴን የጆሮ ጌጥ አደረግሁላት፣ በበሩ በሚገባው ብርሃን አነሳኋት። በትልቁ አሳትሜ ፍሬም ውስጥ አስገባሁና ወደ መንገዱ አዙሬ ሰቀልኳት። መጥታ ስታየው ከት ብላ ሳቀች።

በገበያው ዕለት ከደጅ ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ አንዲት የገጠር እናት እህል የጫነ አህያቸውን ለቀው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አገልድመው፣ ከመስታወቱ ፊት ደረታቸውን ይደቃሉ።

"ልጄን! ልጄን!"

ሲያዩኝ ክንዴን ጨመደዱት። "መቼ ቀበራችኋት? እኔ ሳልሰማ መቼ ቀበራችኋት?"

ወዲያው ገባኝ። በእኛ አገር ከሙሽራ በቀር የሰው ፎቶ በትልቁ ተሠርቶ ፍሬም የሚገባለት ሲሞት ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የሚቀመጠውን የማትመውም እኔው ነኝ፤ በዚያው መጠን፣ በዚያው ጥቁር ፍሬም። ስለ ብርሃኑ ስጨነቅ ይህ እንዴት እንዳልታየኝ እንጃ።

"እናቴ፣ ልጅዎ ደህና ናት፤ ፎቶው ለማስታወቂያ ነው።"

"ደህና ከሆነች አምጫታ!"

የልብስ ሱቁ ባለቤት ወንበር አውጥቶ "አብሽሩ እናቴ፣ አብሽሩ" ይላል። ልጅቷን በዓይናቸው እንኳ አይተዋት የማያውቁ ሁለት ሴቶች አብረው ማልቀስ ጀምረዋል።

ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ትምህርት ቤት ሮጥኩ፤ ለማጠናከሪያ ትምህርቱ አልመጣችም። ቤቷ ሄድኩ፤ በሩ ተቆልፏል። አከራይዋ ጠዋት እንደወጣች እንጂ ወዴት እንደሄደች አታውቅም። ያን ጊዜ የእውነት ፈራሁ። ባጃጅ ገጭቷት ቢሆንስ? የእናት ልብ ቀድሞ ያወቀው ነገር ቢኖርስ? ሟርተኛ ነኝ፣ በቁሟ ገደልኳት እያልኩ መንገድ ላይ ብቻዬን አወራለሁ። ድንገት፣ እናቷ እህል ይዘው ከመጡ እሷም እዚያው ትጠብቃቸው ይሆናል ብዬ ወደ እህል ተራ ዞርኩ።

ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ ቆሎ ትበላለች። "እናቴ እኮ ዛሬ ዘገየችብኝ" አለችኝ። እጇን ይዤ እየጎተትኩ ሮጥኩ።

እናቷ ሲያዩዋት ቶሎ አላቀፏትም። ፊቷን ደባበሱ፣ በጥፊ አሏት፣ ከዚያ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው እንደ አዲስ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ከፍርሃት ይሁን ከእፍረት አላውቅም። ሰዉ ሲበተን ወደ ውስጥ አስገባኋቸውና ፎቶውን አውርጄ ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

"ወዲህ በይው" አሉኝ። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

"እንዲህ ማማሯን አላውቅም ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ሞተች ብዬ ነው ያየሁት።"

 ከፎቶ ሌላ ነገር ስለማላውቅ ሁለታችሁን አብሬ ላንሳችሁ አልኩ፤ እሺ አሉ። ወደ ካሜራው ይዩ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ አልነቀሉም፣ እጇንም አለቀቁም። ስፈልገው የኖርኩት ፊት ይኼ ነበር።

እናቷ ሊወጡ ሲሉ ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ እኔ ዞሩ።

"ትልቅ አታድርጊው" አሉኝ። "ስለ እመብርሃን፣ ትልቅ አታድርጊው።"