የመዳብ ሰንሰለት

አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር አጠገቤ ያለችው ሴት እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ትጮኻለች። "አንተ ሾፌር፣ ጆንያ ነው እንዴ የጫንከው?"

ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበትን ብልቃጥ በሁለት እጇ አቅፋለች። የጣቶቿ ጫፍም ሰማያዊ ነው፤ የኮቷን እጅጌ አሲድ በልቶታል። ከእሷ ወዲያ፣ መስኮት መስኮቱን የሚያይ ሰውዬ ተቀምጧል።

"መድኃኒት ነው?" አልኳት።

"መዳብ ነው። ታች የምታየው ክሪስታል ነው፤ እሱን ለማብቀል ስንት ለፋሁ መሰለህ! ውስጡን የሚያሳየው መሣሪያ እኛ ቤተ ሙከራ ስለሌለ ይኸው ተሸክሜ እዞራለሁ። ከተሰባበረ ልፋቴ ገደል ገባ።"

"ምን ይሠራል? እንደ ማግኔት ይስባል?"

"አንተም እንደ ሁሉም ሰው!" አለችኝ ተቆጥታ። "መዳቦቹ በሰንሰለት ተያይዘዋል። እያንዳንዱ እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። በጣም ሲቀዘቅዙ ግን አንዱ ወደ ላይ ከዞረ ጎረቤቱ ወደ ታች ይዞራል። ጉልበታቸውን እርስ በርስ ያጠፋፋሉ። በቃ፣ ባዶ!"

"ታዲያ ለምን አይለያዩም?"

"የት ይሄዳሉ? ሰንሰለቱ አለ አይደል!" ብላ አፈጠጠችብኝ።

ሰውዬው ለመውረድ ተነሣ። እሱና ሴትዮዋ የማይተዋወቁ መንገደኞች መስለውኝ ነበር። እሷም ቀና ብላ ሳታየው ጉልበቷን ሰብስባ አሳለፈችው።

"ዛሬ ልጁን ከትምህርት ቤት የምታመጣው አንተ ነህ" አለች፣ ዓይኗን ከብልቃጡ ሳትነቅል።

"አውቃለሁ" አለ እሱም፣ ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ።