ባለቤቴ የራጅ ማሽን ሲጠግን

ባለቤቴን ሆስፒታል ውስጥ ሁሉም «ባለኪሱ» ነው የሚለው። የራጅ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ ማሽኑን ሲከፍት ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ኤሌክትሪክ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልብን ያቋርጣል ይላል። እኔ እዚያው የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ አልከራከረውም። ቤት ሲገባማ ሁለቱንም ነው ኪሱ የሚከተው።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ቀጥ አለ። ኮሪደሩ በሕመምተኛ ተሞላ። ባለቤቴ ዋናውን ማጥፊያ ዘጋ፤ ማንም እንዳያበራበት ቆለፈና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጠፍቷል አይደል እንዴ? ምን ትጠብቃለህ?» አለ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ።

«ጌታዬ፣ ይሄ እንደ ሚስቴ ነው። ዝም ካለም በኋላ ቁጣው ውስጡ አለ።»

መወልወያዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

አምስት ደቂቃ ሲሞላ ክዳኑን ፈታና የኤሌክትሪክ መለኪያውን አስጠጋ። ዜሮ።

«ይኸው! በል ቶሎ በል!»

ባለቤቴ ግን መለኪያውን ወስዶ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ውስጥ ሰካው። መብራት እያለ እዚያም ዜሮ አለ። የመለኪያውን ሽቦ በጣቱ ሲዳብሰው ውስጡ ተበጥሷል።

ክው አልኩ። እሁድ ዕለት የመሣሪያ ቦርሳውን ሳስተካክል ያንን ሽቦ አጣጥፌ በላስቲክ ጥርቅም አድርጌ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ሌላ መለኪያ አስመጣ። መጀመሪያ ሶኬቱ ላይ ሞከረው፤ ይሠራል። ማሽኑ ላይ ሲያስጠጋው አራት መቶ ቮልት አለ፤ ያውም ከጠፋ ሩብ ሰዓት አልፎት! ለካ የተጠራቀመውን ኃይል ቀስ እያለ ማፍሰስ የነበረበት ዕቃ ተቃጥሎ ኖሯል። ባለቤቴ ኃይሉን ወደ መሬት የሚያፈስበትን፣ ከመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘውን ረጅም ዱላ አነሳ።

«ወደ ኋላ በሉ!»

ማሽኑን በዱላው ነካው። ጧ! ሥራ አስኪያጁ ወደ ኋላ ሲዘል እግሩ ባልዲዬ ውስጥ ገባ። «ቶሎ በል» ማለቱን ትቶ ካልሲውን መጭመቅ ጀመረ። ባለቤቴ ማሽኑን እንደገና ለካው፤ አሁን ዜሮው የእውነት ነው።

ዕቃው ተቀይሮ ሰልፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ባለቤቴን ጥግ ያዝኩት።

«ሽቦውን የበጠስኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ልክ እንደ ሸሚዞቼ ነው የታጠፈው።»

«ዜሮውን አምነህ ብትነካስ ኖሮ?»

«እንዴት ብዬ? እኔ መለኪያውንም አላምን፣ አንቺንም አላምን።»

ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር፣ አለመታመን እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።