የዓርብ እንቁላልና የቡሬ እንግዳ

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከደብረ ማርቆስ መውጫ

ቀኑ ዓርብ መሆኑ ትዝ ያለኝ ሁለተኛውን እንቁላል ከነአስኳሉ ከዋጥሁ በኋላ ነው። አንደኛው የራሴ ድርሻ ነበር። ሁለተኛውን አጠገቤ ለተቀመጠው እንግዳ ብሰጠው በትሕትና መለሰልኝ፤ ከሚባክን ብዬ እሱንም አስከተልሁት። አፌ ሞልቶ የማስተምረው ደግሞ ምን መሰላችሁ? የጎጃም ሰው በጾም ቀልድ አያውቅም እያልሁት ነበር።

እንግዳው ሚስተር ጎፓል ይባላል። ከሕንድ አገር ሒሳብ ሊያስተምር የመጣ ወጣት ነው፤ ምድቡም ቡሬ ነው። እኔ ጎጃም ተወልጄ አዲስ አበባ በአስተርጓሚነት ያረጀሁ ጡረተኛ ስለሆንሁ፣ መንገድ ለመንገድ የአገሩን ወግ እያስተማርህ አድርሰው ተብዬ ነው። አስተማሪው እኔ መሆኔን ልብ በሉልኝ።

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ረቡዕ ነው። ዓባይ በረሃ ጎማ ፈንድቶ መንገድ ላይ ያደርንባት ሌሊት ከቁጥሬ ስለወጣች፣ በእኔ ሒሳብ ዛሬ ሐሙስ ነበር። ወገቤ ግን ቆጥሯታል።

ከፊታችን ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ቄስ ተቀምጠዋል። የቅርፊቱን ድምፅ ሰምተው ዞር አሉ፤ ጺሜ ላይ የቀረችውን አስኳል አይተው ተመልሰው ወደ ፊት ዞሩ።  

እንግዲህ ወደዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ምክሬ ይኸው፤ ሻንጣዎን ከማሰርዎ በፊት ቀኑን ይወቁ።

ረፋድ፣ ደምበጫ

በርበሬ በጆንያ ሊጫን ቆምን። ኑጉ አብቦ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ግን ክረምቱ መውጣቱን ገና አልሰማም። ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ እየነካካ ቄሱ ማን እንደሆኑ አጫወተኝ። ቄስ አለነ ይባላሉ፤ የቡሬዋ የወይዘሮ ላቀች የነፍስ አባት ናቸው።

ለሚስተር ጎፓል የታሰበው ክፍል የወይዘሮ ላቀች ነው። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚከራይ ክፍል ያላት እሷ ብቻ ናት። ከእሱ በፊት የመጣው መምህር ማረፊያ አጥቶ በመጣበት አውቶቡስ ተመልሷል። ይህም ከተመለሰ ልጆቹ ዘንድሮም ያለ ሒሳብ መምህር መክረማቸው ነው።

«እንግዲህ ምን ይሻለኛል?» አልሁት።

«ለጊዜው ጺምዎን ይጥረጉ፣ አባባ» አለኝ ሾፌሩ።

ከቀትር በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም

ጃንሆይ ስሟን ቢለውጡላትም በእኔ ዕድሜ ያለው ሰው ዛሬም ወጀት ነው የሚላት። የጋሪ ፈረሶች በመንገዱ ዳር ቆመው ያንቀላፋሉ፤ ቀናሁባቸው። ምግብ ቤት ገብተን የጾም ሽሮ አዘዝን፤ እኔም ሹመቴን አስታውሼ ማስተማሬን ቀጠልሁ። ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብለህ «ኖር» በል፣ «በእግዜር» እስኪሉህም አትቀመጥ አልሁት። ከብቱን፣ ዝናቡንና የቤተ ሰቡን ጤና ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይህ አትግባ። ጉርሻ ሲመጣ አፍህን ይበቃል ከምትለው በላይ ክፈት። በሰው ቤት «በቃኝ» ብትል ማንም አያምንህም፣ ስለዚህ ቀደም ብለህ ጀምረው።

አጎራረሱን ላሳየው ስል ሽሮውን ሸሚዜ ላይ አፈሰስሁት። እሱ በቀኝ እጁ አጣጥፎ ጎረሰ፤ መዳፉ እንኳ አልነካውም። በአገሩም በእጅ ይበላል ለካ። ወዲያው ቄስ አለነ ሲገቡ ከሁላችን ቀድሞ ብድግ አለና «ኖር» አላቸው። ቄሱ «በእግዜር» ብለው፣ ቆም ብለው አዩት።

የምግብ ቤቱ ባለቤት እዚያው ቢያድር ነገ ዶሮ እንደምትሠራለት ነገረችው። እሱም አመስግኖ፣ በቤታቸው ወግ ሥጋ የሚባል ቀምሶ እንደማያውቅ ተናገረ። ተረጎምሁላት። ያን ጊዜ ቄሱ ከወዲያኛው መደብ ላይ ሆነው አናገሩኝ፤ ለእኔ የዕለቱ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

«ከተወለደ?»

«ከተወለደ፣ አባቴ።»

«እንቁላልስ?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «እንቁላልም።»

ጺሜን አዩ፤ ከዚያ ወደ ሽሯቸው ተመለሱ።

ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ወርዶ የማይገፋ የለም፤ ሚስተር ጎፓል ሱሪውን ጠቅልሎ ገባበት፣ እኔ በምክር ገፋሁ። አብሮን የነበረው የበርበሬ ነጋዴ ትዕግሥቱ አልቆ በአላፊ የጭነት መኪና ወደ ቡሬ ቀደመን። ወሬውም አብሮት ተሳፈረ።

አመሻሽ፣ ቡሬ

ጭቃ ለብሰን፣ አጥንታችን ተፈጭቶ ደረስን። ወይዘሮ ላቀች በሯ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን። ጤናችንን ጠየቀች፣ መንገዱን ጠየቀች፣ ዝናቡን ጠየቀች። «ግቡ» ግን አላለችም። ኋላ ዓይኗን አጥሩ ላይ ጥላ፣ ቤቷ እንግዳ ጠልቶ እንደማያውቅ፣ ማሰሮዋ ግን የጾም ማሰሮ እንደሆነ፣ በዓርብ ጠዋት በሰው ፊት እንቁላል ለሚበላ ሰው እንደማይመች ተናገረች። ነጋዴው ሕንዱ በላ ብሎ ነግሯታል።

ሚስተር ጎፓል ነገሩ ስላልገባው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ፈገግ እንዳለ ቆሟል። ቄስ አለነ ከኋላችን ደርሰው መቋሚያቸውን ተደገፉ። አንዲት ቃላቸው ትበቃ ነበር፤ እሳቸው ግን እኔን ያያሉ። ወገቤ «ዝም በል፤ አንተ እንደሆንህ ጎጃሜ ነህ፣ የትም ታድራለህ» አለኝ። ዝም ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። የልጁን በጭቃ የተለወሰ ሱሪ አየሁ።

«የበላሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «የእሱንም ድርሻ ጨምሬ።»

ወይዘሮ ላቀች ወደ ነፍስ አባቷ ዞረች።

«እውነታቸውን ነው፣ ልጄ» አሉ ቄሱ። «እንግዳውን አስገቢው፤ እሱ ከተወለደ ጾመኛ ነው። ማሰሮሽን ከወግ አስተማሪው ጠብቂ።»

ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና በሩን ከፈተችው። የአገሬ ሰው የእንግዳን ሻንጣ ሲቀበል እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቄሱ እኔን ለብቻ ገለል አድርገው ስግደት አዘዙኝ። ጉልበቴን አሳየኋቸው፤ ዓባይ በረሃ ያደቀቀው መሆኑንም አስረዳሁ።

«ሲበሉ አልደከሙም» አሉኝ።

ሚስተር ጎፓል ምን እንደሆነ ጠየቀኝና ነገርሁት። ጉልበቱ ደኅና ስለሆነ እሱ ይስገድልኝ እንደሆነ እንድጠይቅለት ለመነኝ። ተረጎምሁ፤ በተስፋ ነው የተረጎምሁት። ቄስ አለነ ከደብረ ማርቆስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም አሉ።

እሑድ፣ የመመለሻው መንገድ

ሚስተር ጎፓል አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኝ። የመንደሩን ሽማግሌ ሁሉ «ኖር» እያለ ስለሚያስቆም ልዘገይ ነበር። ወይዘሮ ላቀች ስንቅ ቋጥራልኛለች። ፈትቼ ሳየው ቆሎ ነው፤ በየትኛውም ቀን ሰው የማያሳስት።

ስግደቱን ዓርብ ማታውኑ ጀምሬ ነበር። ወዲያው ቅዳሜና እሑድ አይሰገድም ብዬ ተነሣሁ፤ ቀኑን ማወቅ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። የቀረው አብሮኝ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገብቷል፤ አሁንም ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል። ሾፌሩን ባገኘሁት ቁጥር ቄስ አለነ «ሽማግሌው ጨረሱ?» ብለው እንደጠየቁት ይነግረኛል።

ገና ነኝ፣ አባቴ።