እሾህ ያልቀደደው ጃኬት

ተብለጽ ጃኬቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ገበሩን በመዳፏ ዳበሰች፤ የብብቱን ስፌት በጥፍሯ ተከትላ ኪሱ ላይ ያለው ቀዳዳ ጋ ደረሰች። ጠርዙን ወደ መስኮቱ አቀረበችው። ክሮቹ እኩል ተቆርጠዋል፤ አንድም የተመዘዘ የለም። መርፌውን መልሳ ሰካችው።

አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ልብስ ሰፊ ናት፤ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ ከምትኖርበት ፎቅ ሥር ትሠራለች። ባሏ ሐብተማርያም ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ታክሲ ይነዳል። ባለፈው እሁድ ቤተሰቡ እዚያው ጊጊሪ አጠገብ ወዳለው ጫካ ሄዶ ነበር። ከምሳ በኋላ ሐብተማርያምና ታናሽ ወንድሙ ዓለምሰገድ ወደ ወንዙ ወረዱ። የተመለሰው ዓለምሰገድ ብቻ ነው፤ የወንድሙን ጃኬት ክንዱ ላይ ጥሎ።

«ሞቆት ሰጠኝ፤ ከኋላዬ ነው» አለ ያኔ። ለፖሊስ ደግሞ «ጃኬቱን እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያየሁት» አለ።

ዛሬ ዓለምሰገድ ሊጠይቃት ሲመጣ አስገብታው በሩን ከኋላው በእግሯ ገፍታ ዘጋችው።

«ዋርሳዬ፣ የናይሮቢ እሾህ ምላጭ ይይዛል እንዴ?»

«ተይ እንጂ ተብልዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ኪሱ በምላጭ ነው የተቀደደው፤ ስልኩም የለም። የማታቱ ሚኒባስ ሌባ እንዳያገኘው ዚፑን ብብቱ ሥር ደብቄ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሐብቴ የገዛ ስልኩን ለማውጣት ኪሱን ይቀዳል?»

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

ሳምንቱን ሙሉ እሱን ነበር የጠረጠረችው። አሁን ግን ዐይኗ እሱ ራሱ የለበሰው ጃኬት ላይ ዐረፈ። ከዚያው ጨርቅ፣ በዚያው አሠራር የሰፋችለት ነው። ዚፑን ያውቀዋል፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ከፍቶ ይወስድ ነበር።

«ዚፑን የማያውቅ ሰው ነው የቀደደው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንተም አይተኸዋል። ማነው?»

ዓለምሰገድ መጋረጃውን ሳበና መንገዱን አየ።

«ልጆቼ የት እንደሚማሩ ነግረውኛል። በእመቤቴ፣ አትጠይቂኝ።»

«በሕይወት አለ? ይህቺን ብቻ።»

«ሲወስዱት በእግሩ ይሄድ ነበር» ብሎ ወጣ።

ጃኬቱን አልጠገነችውም፤ እንዳለ አጥፋ አስቀመጠችው። ይህን ለምታነቡ ሁሉ የምትለው ይህን ነው፦

«ባለፈው እሁድ ከሰዓት ጊጊሪ አጠገብ ባለው ጫካ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር፣ ልጆቻችሁን ፎቶ ያነሳችሁ ወይም ቪዲዮ የቀረጻችሁ፣ እባካችሁ ከልጆቹ ኋላ ያለውን እዩልኝ። ረዥም፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ግራ እግሩን ትንሽ የሚጎትት ሰው ካለ ባሌ ነው። የምፈልገው አብረውት ያሉትን ሰዎች ፊት ነው። አምጡልኝ፤ ስማችሁን አልጠይቅም።»