ቀይ ክር ያሰርኩላቸው ዳክዬዎች

ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ሳሉ እህል በረንዳ እህል እያበጠርኩ እተዳደር ነበር። አንድ ቀን ከሲኒማ ራስ ጀርባ ሱቅ ያላት ግሪካዊት ማዳም ስምንት የዳክዬ ጫጩት በቅርጫት ይዛ ቤቴ መጣች።

«የእኩል አርቢልኝ። ሲያድጉ አራቱ የኔ፣ አራቱ ያንቺ» አለችኝ። የአገሬ ሰው ላምና በግ የእኩል እንደሚሰጥ ከማን እንደሰማች እንጃ።

ጎረቤቴ ጠላ ሻጯ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ጣቱ የተሰፋ ወፍ ልትበዪ ነው? የነፍስ አባትሽ ይስሙ!» አለችኝ።

«ለፈረንጅ ነው የምሸጠው!»

የእኩል ርቢ ጠቡን አውቀዋለሁ። ከብት ሲሞት የሞተው ሁልጊዜ የባለቤቱ ድርሻ ይሆናል፣ የአርቢው አይሞትም። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር በቤቴ አይደረግም ብዬ በመጀመሪያው ቀን በማዳም አራት ጫጩቶች እግር ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። የሰው አደራ ከራስ ይቀድማልና ለእነሱ ንጹሕ በቆሎ እየገዛሁ፣ እየከካሁ አቀረብኩ። የኔዎቹ የበረንዳውን ጥራጊ ይበሉ ነበር፤ ስባሪ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ከነአቧራው።

በሦስተኛው ሳምንት ባለቀይ ክሮቹ እግራቸው ከዳቸው። አራቱም ተቀምጠው ይድሁ ጀመር። የኔዎቹ ኩሬ ለኩሬ ይሯሯጣሉ።

«አይ አንቺ! የራስሽን አጥግበሽ የሰው አስራብሽ» አለች ጠላ ሻጯ።

«በቆሎ ነው የሚበሉት!»

«ማን አየ?»

ይህቺ «ማን አየ» አንጀቴን አቆሰለችው። ማዳም እሑድ ትመጣለች። እጇ አይጠራም የተባለች አበጣሪ ደግሞ መርካቶ ውስጥ ወንፊት የሚያስይዛት የለም።

የማበጥርላቸው ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ ሄድኩና ነገርኳቸው።

«ያንቺዎቹ ምን ይበላሉ?» አሉኝ።

«ጥራጊ፣ ጋሼ።»

«የሷስ?»

«በቆሎ ብቻ።»

ሳቁብኝ። «በይ፣ በአክብሮት ገደልሻቸው! በቆሎ ያወፍራል፣ ብቻውን ግን እግር አያቆምም። ጉልበቱ በስንዴውና በገብሱ ልጣጭ ነው። ፍሩሽካ ቀላቅይላቸው። የጠላ አተላም ካገኘሽ አትናቂው።»

አተላው ያለው እዚያችው ሴት ቤት ነው! ኩራቴን ዋጥኩና ጣሳዬን በአጥሩ ላይ ዘረጋሁ።

«ለማን ነው?» አለች።

«ለምታሚኝባቸው።»

ሳቋ አመለጣት፤ ጣሳውን እስከ አፉ ሞላችልኝ።

ጥራጊውን፣ ፍሩሽካውንና አተላውን ከጥቂት በቆሎ ጋር ለውሼ ለስምንቱም አንድ ገበታ አቀረብኩ። እሑድ ሲደርስ ከባለቀይ ክሮቹ ሦስቱ ቆመው ሄዱ። አራተኛዋ ግን ታነክሳለች።

ማዳም ገና በር ላይ ሳለች፣ ሳትጠይቀኝ ሁሉን ነገርኳት። «አሁኑኑ ይካፈሉ። እርስዎ ይምረጡ፣ አንካሳዋ ግን የኔ ናት» አልኳት።

«ለምን? ጥፋቱ የበቆሎው ነው።»

«ያቀረብኩት እኔ ነኝ!»

በአጥሩ በኩል ያች ጎረቤቴ ጮኸች፦ «ማዳም፣ አይከራከሯት! ለእርስዎ ዳክዬዎች ብላ የኔን አተላ የለመነች ሴት ናት!»

ማዳም አንዲት እንኳ ሳትወስድ፣ «ሌላ ስምንት አመጣልሻለሁ» ብላ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ተመለሰች። እኔም ክሮቹን በጥርሴ በጠስኩ። አንካሳዋ እስከ መጨረሻው አነከሰች፤ ገበታ ሲቀርብ ግን ማንም ቀድሟት አያውቅም።